ሁለቴ የተመታች

ቀፊራ፣ ከቅስቱ ሥር፣ ከተምሩ ክምር ጎን፣
ሮብሌ ዘርግቷል የዝገት ሱቁን፤
በማዳበሪያ ላይ ቁልፍና ብሎን፣
ከምድር ባቡር ዘመን የተበሳ ትኬት፣
የጅቡቲ ፍራንክ፣ የሰዓት ሰንሰለት።

ከዚያ መሃል አንዷ ዓይኔ ላይ ነደደች፤
አምስት ሳንቲም ናት፣ ወታደር ያዘለች።
«ፕሩፍ ናት ጌታዬ! ወላሂ፣ እንደተመታች!
ኪስም አልገባችም፣ እጅም አላወቀች።»
ቃሉን ከየት ለቀመው? ከቱሪስት ይሆናል፤
ወይ ባለፈው እሁድ ከኔው አፍ ወድቆለታል።
ሁለት መቶ ብሬን
ላብ ባራሰው እጄ ቆጠርኩለት።

ሰባት ሰዓት ሆኗል፤ ድሬ በሯን ዘግታ፣
ሽርጧን አገልድማ፣ ከጥላዋ ተኝታ።
በደቻቱ አሸዋ ፍየል እንኳ የለም፤
ከዚራ፣ ከኒሙ ሥር፣ አንድ መስኮት ግን አልተኛም።
አው ረምዚ ከዓይኑ ላይ አጉሊውን ተክሎ
የሞተ ሰዓት ሆድ ይጎረጉራል፣ ዝም ብሎ።

ሳንቲሟን ሰጠሁት። በጥፍሮቹ ጫፍ ላይ
ከጠርዟ አነሣት፤ ሆዷን ሳይነካ፣ ጀርባዋን ሳያይ።
«እንዲህ ነው የምትያዝ። ና ወደ ብርሃኑ።
ጋዜጣ አቀብለኝ።»
                  አቆመው ከፊቷ።
«ፊደል ይታይሃል፣ ከሜዳዋ ውስጥ?»
«ይታየኛል መሰል… ብቻ ይንቀጠቀጣል።»
«እውነተኛዋ ግን ሀሁ ታስቆጥራለች።
ሜዳዋ ጉድጓድ ውኃ፣ ሥዕሏ ጉም፤ አይደባለቁም።
ተወልውሎ ባበቃ ማኅተም፣
ቀስ ተብሎ፣ ሁለቴ ትመታለች።
ተራዋ አንዴ ተመትታ ትወድቃለች፣
ከእህቶቿ ጋራ በጆንያ ትጫናለች።
ጠርዟን ዳብሰው እስቲ። ለዘብ አላለህም?
የፕሩፍ ጠርዝ ስለት ነው፣ ጣትን አይምርም።
ይቺ ያንተዋ ደግሞ…»
                  አሸተታት።
«ሎሚ። ሎሚና አመድ። ትናንት ማታ ታጥባ።
ጭረቱን ተመልከት፣ ሁሉም ባንድ ወገን፤
ጨርቅ የሄደበት ነው። አልፎም አንበሳውን፣
ጎፈሩን ሳይቀር አብርቶታል።
ብርሃን የሚያውቅ ሰው
ሁሉን ቦታ አያበራም።»

አንገቴን ጠረግኩ። «አንተስ አለህ?» አልኩት።
መልስ አልሰጠኝም። ተነሣ።
ከብስኩት ቆርቆሮ፣ ከመስታወት ክዳን ሥር፣
በጥጥ ላይ የተኛች አንዲት አምስት ሳንቲም አወጣ።
ጋዜጣም አላሻት፤
ቅንድቤን አንድ በአንድ ከሜዳዋ ቆጠርኩት።
ግን ከወታደሩ ጫማ ወደ ታች ሲል
ቡናማ ጥላ አለ፣ ክብ በክብ፣
እንደ ተቆረጠ ግንድ፣ ጠባብ፣
የአውራ ጣት።

«ሙፊዳ ናት» አለ። «ሰባት ዓመቷ ነው።
ሃላዋ የበላ እጇን ሳትታጠበው…
በጥፊ ልላት ብድግ ስል፣ ሳንቲሟን ከጨበጠችበት
ዘርግታ አሳየችኝ፦ ‹አባ፣ ፊቴ አለበት!›
ጠረግኩት፣ አልለቀቀም። ነሐሱን በልቶታል።
አንድ ሰብሳቢ መጥቶ ግማሽ ዋጋ ሰጠኝ፤
‹በአሲድ ይነሣል› አለኝ።
ይነሣ ይሆናል። መስታወቱም አብሮ ይነሣል።»

«አሁንስ የት ናት?»
«ጅቡቲ፣ ወደቡ ላይ። ሦስት ወልዳለች።
ያቺ ጣት የለችም፤ የከረን መዝጊያ የሚያክል ጓንት ታጠልቃለች።
በስልክ እነግራታለሁ፦ ጣትሽ እኔ ዘንድ አለ።
ትስቃለች። ስትስቅ መስመሩ ይቆረጣል።»
አጉሊውን መለሰ። የሰዓቱ ሆድ ጠራው።

ወደ ማታ ቀፊራ ስመለስ፣ ሮብሌ አየኝና
ጫማውን ፈለገ በእግሩ ጣት፣ በዳበሳ።
አልጮህኩበትም። «ስንት ሎሚ ፈጀች?»
«አንድ ተኩል» አለ፣ ደፈር ብሎ።
ሣቅን ሁለታችን።

ሳንቲሟ ከኪሴ ናት፣ ከቁልፌ እየተጋጨች፤
ቀን በቀን ስትጠቁር
ወደ ተራነቷ እየተመለሰች።
አንዳንዴ ታክሲ ስጠብቅ አሸታታለሁ።
ሎሚው አልለቀቃትም።